የተማሪ ልብስና የቶሎ ቶሎ ፋሽን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በተመራቂዎች ልብስ ኮሚቴ ስም የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙት አባሎች ሲባል ሙሉ ቃሉ እነሆ ታትሟል።)



ኮሚቴያችን የተቋቋመው ለአንድ ጠባብ ጉዳይ ነበር። ይኸውም የተመራቂዎች የከለር ደይ ቲሸርት በማን ይታተም፣ በስንት ዋጋስ ይታዘዝ የሚለውን አጣርቶ እንዲያቀርብ ነው። ጉዳዩን ይዘን ከአንዱ አታሚ ወደ ሌላው ስንዞር ግን ጥያቄው በእጃችን ላይ እየሰፋ ሄደ። ጨርቁ ከየት መጣ? ማን ሰፋው? ከበዓሉ ማግሥትስ ወዴት ይሄዳል? ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ የሰጠን ነጋዴ አልተገኘም። ለሦስተኛው ነጋዴ መጠየቅ አያስፈልግም፤ መልሱን እኛው እናውቀዋለን። የአምናዎቹ ቲሸርት በየዶርሚተሪው አልጋ ሥር ተጠቅልሎ ይገኛል፤ የተሻለ ዕድል ያጋጠመው ወለል ይወለወልበታል።

ተመራቂ በአንድ ወር ውስጥ ስንት ልብስ እንደሚገዛ እስቲ አብረን እንቁጠር። ለከለር ደይ ቲሸርት፤ ለክሬዚ ደይ መቼም ዳግመኛ የማይለበስ ነገር፤ ለካልቸር ደይ የአገር ልብስ፤ ለምረቃው ቀን ለወንዱ ሙሉ ልብስና ክራባት፣ ለሴቷ ቀሚስና ጫማ። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ የሚለበሱት አንድ ቀን ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ደግሞ እህል ወይም በግ ሸጦ ከሚልክ አባት፣ ከጉልት ቸርቻሪ እናት፣ ወይም ቤሩትና ሪያድ በሰው ቤት ከምትሠራ እኅት ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን ደፍሮ የሚናገረውም አልነበረም።

ሰዎች ፈጣን ፋሽን የሚሉት ነገር የዚህ የእኛ ልማድ ታላቅ ወንድም ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ የልብስ ዐይነት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተነድፎ፣ ተሰፍቶ፣ ገበያ ይወጣል፤ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ስፌቱም ጨርቁም እንዲበረክት ተብሎ አልተሠራም፤ ምክንያቱም ገዢው ቶሎ ጥሎ ሌላ እንዲገዛ ይፈለጋል። የቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ የተባለው ለልብስም ይሠራል። የኤለን ማካርተር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከ2000 እስከ 2015 ባለው ጊዜ በዓለም የሚመረተው ልብስ መጠን እጥፍ ያህል ሲያድግ፣ አንድ ልብስ ከመጣሉ በፊት የሚለበስበት ጊዜ በ36 በመቶ ቀንሷል። ለልብስ ከሚውለው ነገር ውስጥ እንደገና ወደ አዲስ ልብስ የሚለወጠው ደግሞ ከአንድ በመቶ ያነሰ ነው። ስለዚህ «ይህ ልብስ ሲያረጅ ተፈጭቶ ሌላ ልብስ ይሆናል» የሚለውን ማስታወቂያ በጥርጣሬ ማየት ይገባል።

ጨርቁም ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ከተመረተው 124 ሚሊዮን ቶን የክርና የጨርቅ ጥሬ ዕቃ ውስጥ 57 በመቶው ፖሊስተር ነበር። ፖሊስተር የሚሠራው ከነዳጅ ዘይት ነው። ሲታጠብ በዐይን የማይታዩ ጭረቶችን ወደ ውኃ ይለቃል፤ ሲጣልም እንደ ጥጥ በስብሶ አፈር አይሆንም። ጥጡም ቢሆን ከነቀፋ ነጻ አይደለም፤ ለአንድ ቲሸርት የሚበቃውን ጥጥ ለማብቀልና ለማዘጋጀት 2,700 ሊትር ያህል ውኃ እንደሚፈጅ ይገመታል። እንግዲህ ይህን ያህል ውኃ የጠጣ ልብስ አንድ ቀን ተለብሶ አልጋ ሥር መጣሉ ነው የሚያሳዝነው።

በመርፌው ጫፍ ስላሉት ሰዎችም መናገር አለብን። በሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. በባንግላዴሽ አገር ራና ፕላዛ የተባለው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ፈርሶ 1,134 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፉ ሠራተኞች ነበሩ። ግድግዳው መሰንጠቁ በዋዜማው ታይቶ ሳለ በማግሥቱ ሥራ እንዲገቡ ታዘው ነበር። ትእዛዙን ለማድረስ የቸኮለው ማን ነበር ብሎ መጠየቅ የተማሪ ፈንታ ነው።

«ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው» የሚል ቢኖር ወደ ሐዋሳ ይመልከት። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ተመርቆ ሲከፈት፣ ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የተባሉት ስሞች ባለቤት የሆነው ፒ.ቪ.ኤች. የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነበር። ከየገጠሩ የመጡ ልጃገረዶች በብዙ ሺህ ሆነው ተቀጠሩ። በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ባወጣው ጥናት፣ የሠራተኞቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ያህል እንደነበረና ጥናቱ ካነጻጸራቸው ልብስ አምራች አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው እንደሆነ ተገልጿል። በዚህ ገንዘብ የቤት ኪራይና ምግብ ሸፍኖ ለወላጅ መላክ እንደማይቻል ለማወቅ የኢኮኖሚክስ ተማሪ መሆን አያስፈልግም። ቀጥሎም በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ኩባንያው ፋብሪካውን መዝጋቱን አስታወቀ፤ በታኅሣሥ ወር በጦርነቱ ምክንያት አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል አስወጣች። በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከሥራ ወጡ። እኛ ፋብሪካ ይዘጋ የምንል አይደለንም፤ ሥራው ለእነዚያ እኅቶቻችን እንጀራ ነበር። ነገር ግን ከሩቅ በመጣ ትእዛዝ ብቻ የቆመ እንጀራ በአንድ ደብዳቤ እንደሚወሰድ አይተናል።

ሌላው ጫፍ የአሮጌ ልብስ ገበያ ነው። ሀብታሞቹ አገሮች የሚጥሉት ልብስ በቦንዳ እየታሰረ ወደ አፍሪካ ይላካል። በጋና ዋና ከተማ በአክራ ያለው የካንታማንቶ ገበያ ከዚህ ንግድ የታወቁት አንዱ ነው፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከፍተኛ ቃጠሎ ደርሶበታል። ወደዚያ ከሚደርሰው ብዙው ሊሸጥ የማይችል ስለሆነ በየቦዩና በባሕሩ ዳር ይከመራል። ሩዋንዳ በአሮጌ ልብስ ላይ ቀረጥ ብትጨምር አሜሪካ በ2010 ዓ.ም. የልብስ ቀረጥ ነጻ ዕድሏን አገደችባት፤ ድኻ አገር አሮጌ አልለብስም የማለት መብት እንኳ እንደሚያከራክር ከዚህ ይታያል። በአገራችን ሰልባጅ ለንግድ ማስገባት በሕግ ተከልክሎ ሳለ በኮንትሮባንድ ይገባል። ተማሪ ሰልባጅ መልበሱን አንነቅፍም። የተሠራ ልብስ ደግሞ መልበስ አዲስ ከማሠራት ይሻላል፤ ስፌቱም ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ይጠነክራል። ዳሩ ግን ሰልባጅ መፍትሔ ነው ማለት የሌላውን ሰው ትርፍ እንደ ወንዝ ማየት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? እዚህ ላይ ትንሽ ዘግየት እንበል፤ ምክንያቱም አገራችን ጨርቅ እንዴት እንደሚበረክት የምታውቀው ገና ዛሬ ከፈረንጅ ሰምታ አይደለም። አያቶቻችን አቡጄዲም ካኪም ከባሕር ማዶ እየመጣላቸው ለብሰዋል፤ ግን እስኪሳሳ ይለበሳል፣ ሲቀደድ ይጣፋል፣ ሲያልቅም እራፊው ለሌላ ይውላል እንጂ አይጣልም ነበር።

ስለ ሸማ እንናገር። ጥጡ ፍሬው በመዳመጫ ይለያል፤ በደጋን ይነደፍና ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶውን ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ፈትሉ ልቃቂት ይሆናል። ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ፣ ማጉን በቀሰም ጠቅልሎ መወርወሪያው ውስጥ ያስገባና፣ እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ይሸምናል። ስሙ ነጠላ ይባል እንጂ ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፤ ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ቡልኮ ከዚያም ይከብዳል። ጋቢ የሚሞቀው በድርቦቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። አንድ ጋቢ አባት ለብሶት፣ ልጅ ትምህርት ቤት ይዞት ሄዶ፣ ሲሳሳ ለሕፃን መጠቅለያ ሆኖ፣ በመጨረሻ የድስት መያዣ ይሆናል። ከዚያም አፈር ቢገባ ይበሰብሳል። በዚህ አዳራሽ ካሉት መካከል የአያቱን ጋቢ ለብሶ የሚያጠና ስንቱ እንደሆነ በጥር ብርድ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ መቁጠር ይቻላል።

ይህን ስንል ሸማን ቅዱስ ለማድረግ አይደለም። የዛሬው ሸማ ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ በእጅ የሚፈተለው ማጉ ነው፤ የጥለቱ ክርም ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ሰው ሠራሽ ነው። ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ከጋሞ ተራሮች «እናስተምርላችኋለን» እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ የተወሰዱ ሕፃናት በየሽመና ቤቱ ከንጋት እስከ ሌሊት ጉልበታቸው ሲበዘበዝ እንደኖረ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። በእጅ ተሠራ ማለት በፍትሕ ተሠራ ማለት አይደለም። ለዚህ ነው ከሽሮ ሜዳ ሱቅ ገዝተን ዝም ከማለት ይልቅ ሽመናው ወደሚሠራበት ቤት ገብተን ማየት አለብን የምንለው። ሸማኔው በአገራችን ድካሙ በስድብ ሲከፈለው የኖረ ሰው ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያሉ መስደብን ከልክለዋል፤ አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ የዘወትር ስለነበረ ነው። አሁን ስድቡ ቀርቶ ሌላ መጥቷል፤ ጥለቱን በፖሊስተር ላይ አትሞ «የሐበሻ ልብስ» ብሎ የሚሸጥ ፋብሪካ ከባሕር ማዶ ተነሥቷል። ለካልቸር ደይ በርካሽ የምንገዛው አብዛኛው ይህ ነው። በዚያ ቀን ባህላችንን አከበርን ስንል ሸማኔውን ከገበያ እያስወጣነው ነው።

ለመለየት ያን ያህል አያስቸግርም። ልብሱን ገልብጣችሁ ተመልከቱ፤ የተሸመነ ጥለት ክሩ በጀርባውም ይታያል፤ የታተመው በጀርባው ደብዝዞ ወይም ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከጫፉ አንድ ክር መዝዛችሁ ብታቃጥሉት ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ እንደ ጠጠር ይደርቃል። (ሙከራው በዶርሚተሪ ውስጥ እንዳይደረግ ፕሮክተሮቹ አሳስበዋል።)

ቀጥሎ ጥገና ነው። ከግቢያችን በር ውጭ ጥላ ዘርግተው በእግር መኪና የሚሰፉ ልብስ ሰፊዎች አሉ። ዚፕ ይለውጣሉ፣ ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ያጠባሉ፣ የተቀደደ ይጥፋሉ። በፊት ዘመን የሸሚዝ ኮሌታ ሲያልቅ ተፈትቶ ይገለበጥ ነበር፤ ዛሬም ብትጠይቋቸው ይችላሉ፤ የሚጠይቃቸው ጠፋ እንጂ። ከኮሚቴያችን አባሎች አንዳንዶቹ ማኅበሩ የራሱን የስፌት መኪና ገዝቶ ተማሪ በነጻ እንዲጠግን ሐሳብ አቅርበው ነበር። አልተቀበልነውም። በነጻ ስንጠግን የነዚያን ሰዎች እንጀራ እንወስዳለን። የሚሻለው ማኅበሩ ከእነርሱ ጋር በዋጋ ተስማምቶ፣ ለአባሎች ከሂሳቡ ጥቂት ማገዝ ነው። በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ልብሱን ለሚያስጠግን ሰው ከ6 እስከ 25 ዩሮ የሚደርስ ቅናሽ የሚሰጥ ደንብ ወጥቷል፤ ገንዘቡ የሚመጣው ልብስ ወደ ገበያ ከሚያወጡት ድርጅቶች መዋጮ ነው። ሀብታም አገር ይህን ካደረገ እኛ የምናፍርበት ምክንያት የለም።

እዚህ ላይ ካለፈው የተማሪዎች ታሪክ አንድ ነገር እናንሣ። በመጋቢት ወር 1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ፣ በራስ መኰንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ሲደረግ ተማሪዎች ተቃውመው ወጡ። ሕዝቡ ድኻ ሆኖ ሳለ የውጭ ፋሽን ማሳየት ተገቢ አይደለም አሉ። ወደ አዳራሹ የሚገቡት ተሰደቡ፣ ተንገላቱ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። በዚያ ቀን የተነሣው ጥያቄ ትክክል ነበር፤ ማን ለማን ሲል ነው የሚለብሰው? ነገር ግን ቁጣው ከነጋዴው ይልቅ በሴቶቹ ላይ ወረደ፤ ነገሩም የቀሚስ ርዝመት ጉዳይ ሆነ። በእኛ አስተያየት ይህ ጥያቄውን ጎድቶታል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ጉባኤ የሴት እኅቶቻችን አለባበስ እንዲነሣ አንፈቅድም። አጭርም ይሁን ረጅም፣ የምንጠይቀው ልብሱን ማን በስንት ደመወዝ ሠራው፣ ስንት ጊዜስ ይለበሳል የሚለውን ብቻ ነው።

ኮሚቴው የሚያቀርበው ሐሳብ እንግዲህ ይኸው ነው። የከለር ደይ ቲሸርት ዘንድሮ አይታዘዝ። ተመራቂ ሁሉ ያለውን ነጭ ሸሚዝ ወይም ቲሸርት አጥቦ ይልበስ፤ በላዩ ላይ በየዲፓርትመንቱ ቀለም ጥለት ያለው በእጅ የተሸመነ አንገት ልብስ ይደረግ። አንገት ልብስ ለብርድ ይሆናል፤ ሥራ ፍለጋ ሲወጣም ይለበሳል፤ ለእናትም ሊሰጥ ይችላል። ትእዛዙ በአንድ ሱቅ በኩል ሳይሆን ኮሚቴው ሄዶ ካያቸውና ሕፃን ከማያሠሩ ሸማኔዎች ጋር በቀጥታ ይፈጸም፤ ግማሹ ዋጋ በቅድሚያ ይከፈል፤ ሸማኔ ክር በብድር እየገዛ የሚሠራ ስለሆነ ይህ ለእርሱ ትልቅ ነገር ነው። ጊዜም ያስፈልጋል። ሽመና የሚቸኮልበት ሥራ አይደለምና ትእዛዙ ከሦስት ወር በፊት መድረስ አለበት፤ ዛሬ ውሳኔ የምንጠይቀው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የውሰት ሣጥን ነው። ያለፉት ተመራቂዎች ሙሉ ልብሳቸውን፣ ክራባታቸውንና ቀሚሳቸውን ለማኅበሩ እንዲሰጡ ጥሪ ተደርጎ ጥቂቶቹ ልከዋል። ለምረቃና ለሥራ ፈተና የሚፈልግ በመታወቂያው ይዋሳል፣ አጥቦ ይመልሳል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ተነሥቷልም። ለዚህ የምንሰጠው መልስ ልብሱ የሰው ሳይሆን የማኅበሩ፣ ማለት የሁላችንም ነው የሚል ነው። የቤተ መጻሕፍቱን መጽሐፍ ተውሶ ማንበብን ማንም ውርደት አላለውም።

«ሰው የሚመረቀው አንዴ ነው» የሚለውስ? እውነት ነው። የብዙዎቻችን ወላጆች ያንን ቀን ለማየት ከሩቅ ይመጣሉ፤ ልጃቸውን በአዲስ ልብስ ማየት ይፈልጋሉ። ይህን ደስታ ለመንሣት የተነሣ የለም። አዲስ ልብስ የሚያሰፋ ያሰፋ፤ ነገር ግን በልኩ፣ በሰፈሩ ልብስ ሰፊ፣ ለዓመታት በሚለበስ ጨርቅ ያሰፋ። ስለ ዋጋውም እንዲህ አስቡት። እንበልና አንዱ ልብስ 800 ብር ተገዝቶ 4 ጊዜ ቢለበስ፣ እያንዳንዱ ቀን 200 ብር ወሰደ ማለት ነው፤ ሌላው 3,000 ብር ተሰፍቶ 150 ጊዜ ቢለበስ ቀኑ 20 ብር ነው። ችግሩ 3,000 ብር ባንድ ጊዜ ከየት ይመጣል የሚለው ነው፤ ድኻ በርካሽ እየገዛ ብዙ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ በወር በወር የሚቆረጥ ቁጠባ እንዲጀምር ሦስተኛ ሐሳብ አቅርበናል፤ ዝርዝሩን የሂሳብ ሹማችን ከእኛ ቀጥሎ ያስረዳል።

ድምፅ የሚሰጠው ከሻይ ዕረፍት በኋላ ነው። የአንገት ልብሱ ሦስት ናሙና በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ ሁለቱ በእጅ የተሸመኑ ናቸው፤ አንዱ ለማወዳደሪያ ያመጣነው የታተመ ነው። የቱ የትኛው እንደሆነ አልጻፍንበትም። ገልብጣችሁ እዩ፤ ከዚያ በኋላ ግቡና ድምፃችሁን ስጡ።